ሐውልቱ የማን ነበር?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓለም የሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ! ዛሬ ዕረፍት የወጣችሁም፣ ፈረቃ ላይ ያላችሁም።

ይህ በዓል በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ቺካጎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 በአሜሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የሚሉት ግልጽ ነበር፦ ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ ስምንት ሰዓት ደግሞ ለራሳችን። በሦስተኛው ቀን ቺካጎ ውስጥ ፖሊስ አድማ የመቱት ላይ ተኮሰ። በማግስቱ ማታ ሰዉ ይህን ለመቃወም ሄይማርኬት አደባባይ ተሰበሰበ። ፖሊስ ሊበትነው ሲመጣ ቦምብ ተወረወረ። ከፖሊስም ከሕዝቡም ሰው ሞተ። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሠራተኛው ንቅናቄ ስምንት ሰዎች ግን ጥፋተኛ ተባሉ። ኦገስት ስፓይስ፣ አልበርት ፓርሰንስ፣ አዶልፍ ፊሸርና ጆርጅ ኤንግል በ1887 ተሰቀሉ። አንዱ በዋዜማው እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የቀሩትን ሦስቱን አገረ ገዥው ጆን አልትጌልድ በ1893 ሲፈታቸው፣ ፍርዱ ፍትሕ የጎደለው እንደነበር በይፋ ጻፈ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አደባባዩ ላይ መጀመሪያ የቆመው የፖሊስ ሐውልት ነበር፤ በ1889። የተሰቀሉት መታሰቢያ የቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መቃብራቸው ላይ ነው። የሞቱት ፖሊሶችም የሰው ልጆች ናቸው፤ ቢታወሱ አልከፋም። አደባባዩ ግን የሁሉም ሐዘን የወደቀበት ቦታ ነበር። የፖሊሱ ሐውልት ከቦታ ቦታ ሲዞር ኖሮ በ1969 በፈንጂ ፈረሰ። ተሠርቶ ቆመ፤ በ1970 እንደገና አፈነዱት። ያን ማታ ተናጋሪዎቹ የቆሙበትን ጋሪ የሚያስታውስ መታሰቢያ በቦታው የቆመው በ2004 ነው። 118 ዓመት ሙሉ!

እስከዚያ ድረስ ነገሩን በልቡ ይዞ የቆየው ሰዉ ነው። በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች በቀጣዩ ዓመት ሜይ 1 በየአገሩ ሰልፍ እንዲወጣ ወሰኑ። ሰልፉ በዚያው ቀጠለ፣ ቀኑም በብዙ አገር በዓል ሆነ። አሜሪካ ራሷ የሠራተኞችን ቀን የምታከብረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ዛሬ ቤት ያላችሁ፣ የአራቱን ስም ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። ፈረቃ ላይ ያላችሁ ደግሞ በርቱ፤ ስትወጡ ጻፉልኝ።