ኪቦርድ ማደንዘዝ፦ የአንድ ወር ሙከራዬ

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ በሠርግ ካርድ ነው። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ደንበኛው ካርዱን አይቶ "አሪፍ ነው፣ አትመው" ብሎኝ ሄደ። ወዲያው ከጣና በኩል የመጣ ነፋስ ወረቀቴን በተነው። ልሰበስብ ስወጣ የሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ወንበሬ ላይ ወጥቶ ኪቦርዱን ዳበሰው። እኔም ሳላይ አተምኩ። 40ኛው ካርድ ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው፦ "ጥሪያችንን አክብረው እንዲገኙልን ጀጀጀጀጀጀ"። ወረቀቱም ቀለሙም ከኪሴ ወጣ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የምታውቁትን ነው፤ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን አንድ ላይ። ኮምፒውተሩ ይቆለፋል፤ ምንም ፕሮግራም መጫን አይጠይቅም። ግን ስክሪኑም አብሮ ይሸፈናል። የኔ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ስህተት መልቀም ይፈልጋል። እኔ ወረቀት እየቆረጥኩ እሱ እያነበበ፣ ልጁ ደግሞ ሥር ሥራችን እየተሽሎከለከ። ስለዚህ ስክሪኑ እንደበራ ኪቦርዱ ብቻ የሚደነዝዝበት መላ ፈለግሁ።

በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች ኪፍሪዝ የሚባለውን አወረድኩ። ስትከፍቱት ጥቂት ሰከንድ ይቆጥራል፤ ከዚያ ኪቦርዱም ማውሱም ጸጥ። ለመክፈት ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ኢስኬፕ። ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ ስትነኩ ቀድሞ የሚቀበለው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ተራ ፕሮግራም ሊያግዳቸው አይችልም። ስለዚህ ሌባ ያስቆማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የልጅ መከላከያ ነው። ለሌባ ፓስወርድ ያለው ስክሪን ነው የሚያዋጣው።

ቤት ውስጥ የተመቸኝ ግን ኪድ ኪ ሎክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሚቆለፈውን መርጣችሁ ትቆልፋላችሁ፤ ፊደሎቹን፣ የማውሱን ቁልፎች ወይም ሁሉንም። ካርቱን እከፍትለታለሁ፣ ኪቦርዱን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል፣ ካርቱኑ ይቀጥላል። የመጀመሪያ ቀን "አጎቴ፣ ተበላሸ" ብሎ አኩርፎኝ ነበር።

ጉድ የሠራኝ አሮጌው ላፕቶፕ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው ያለበት። ለሱ ኤክስቲአርሎክ የሚባል አለ። ሥራችሁ ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል፣ የማውሱ ቀስት ትንሽ ጓጉንቸር ይሆናል። የመግቢያ ፓስወርዳችሁን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ይከፈታል። እኔ ብጽፍ ብጽፍ እምቢ። ካፕስ ሎክን አየሁ፣ ጠፍቷል። ኮፒ የሚያስነሱ ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈዋል፣ እኔ ያልበኛል። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከመቆለፌ በፊት አማርኛ እየጻፍኩ ነበር። ፓስወርዴ በእንግሊዝኛ፣ ኪቦርዱ በአማርኛ! ማውሱም ተቆልፏልና ቋንቋ የምቀይርበትን ምልክት መንካት አልችልም።

ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ነክቼ ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ወጣሁ። እዚያ በስሜና በፓስወርዴ ገብቼ ፕሮግራሙን ገደልኩት። አሁን ከመቆለፌ በፊት ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን አያለሁ። አዲስ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ኤክስቲአርሎክ የተሠራው ስክሪኑን ለሚያስተዳድረው ለአሮጌው ሲስተም ለኤክስ ስለሆነ፣ በአዲሱ በዌይላንድ ላይ በትክክል አይቆልፍም።

በዚህ ሳምንት የሞከርኩት ዳይናሚክ ሎክን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የመጣ ነው፣ ክፍያ የለውም። ስልካችሁን በብሉቱዝ ታገናኛላችሁ፤ ስልኩ ሲርቅ ኮምፒውተሩ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይቆለፋል። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ጎረቤት ቡና ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ስኒ ጨረስኩ፣ ስክሪኑ በበሩ በኩል እንደበራ ይታየኛል። ብሉቱዙ እዚያ ድረስ ይደርሳል ለካ። አስፋልቱን ተሻግሬ ቆይቼ ስመለስ ተቆልፎ አገኘሁት። ለቡና ብዬ ግን አስፋልት አልሻገርም። የዊንዶውሷን ቁልፍና ኤልን ነካ አድርጌ እወጣለሁ።