ለመርዙ ዋጋ የከፈሉት፦ ከሁመን እስከ ሻሚየን

ደቡብ ቻይና ወዳለችው ጓንዡ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን የሚያውቃት በጅምላ ገበያዎቿና በጭነት ወኪሎቿ ነው። እኔንም ያመጣኝ ንግድ ነው። እንግሊዝና ቻይና ኦፒየም በተባለው ሱስ አስያዥ ዕፅ ንግድ ሳቢያ የተዋጉበት የኦፒየም ጦርነት በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ በጥቂት መስመሮች የታለፈ ነገር ነበር፤ የተጀመረበት ቦታ በዚህ ቅርበት መኖሩን ስሰማ ግን ሳላየው መመለስ አልፈለግሁም። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ሁመን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዕቃ የምታፈላልግልኝ ቻይናዊት ወጣት አብራኝ መጣች፤ በተማሪነቷ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቦታውን ጎብኝታው ታውቃለች።

ሁመን ዛሬ የልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ሊን ዜሹ ለተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ መታሰቢያ የቆመ ግቢ አለ፤ የኦፒየም ጦርነት ሙዚየምም እዚያው ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ፓስፖርት መያዝ አይዘንጋ። በግቢው ውስጥ ውሃ የያዙ ሁለት አራት ማዕዘን ኩሬዎች አሉ። ሊን ከውጭ ነጋዴዎች የተረከበውን ኦፒየም ከጁን 3 ቀን 1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠፋው በእነዚህ ጉድጓዶች ነው።

አጠፋፉን ለብቻው ማውራት ያስፈልጋል። ኦፒየም በእሳት ሲቃጠል ቀልጦ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ አፈሩን ቆፍሮ መልሶ የሚያወጣው ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ሊን ጉድጓዶቹን በውሃ አስሞላ፣ ጨው አስበተነ፣ የመድፍ ጥይት የሚያክለውን ድቡልቡል ኦፒየም እያሰባበረ አስጨመረ፣ በመጨረሻም ኖራ አስደፋበት። ኖራው ውሃውን ሲያፈላው ሠራተኞች በላዩ በተጋደሙ ሳንቃዎች ላይ ቆመው በረጃጅም እንጨት ያማስሉታል። ባሕሩ ሲሸሽ የጉድጓዱ በር ይከፈትና ዝቃጩ ተጠርጎ ይሄዳል። ከ20,000 በላይ ሣጥን ስለነበር ሥራው ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ሊን ከመጀመሩ በፊት ለባሕሩ አምላክ መሥዋዕት አቅርቦ፣ ውሃውን ስለሚበክል ይቅርታ ጠይቆ፣ የባሕሩ ፍጥረታት ለጊዜው ራቅ እንዲሉ ለምኗል። ይህን ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት።

ኦፒየሙ የመጣው በሻይ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ከቻይና ሻይ መለየት አልቻሉም፤ ቻይናዎች ግን ከእንግሊዝ የሚፈልጉት ዕቃ እምብዛም ስላልነበረ ሻዩ የሚከፈለው በብር ነበር፤ አያቶቻችን በጠገራ ይገበያዩበት የነበረው የብር ማዕድን ማለቴ ነው። ይህን ክፍያ ያካካሰላቸው ሕንድ ውስጥ የሚመረተው ኦፒየም ሆነ። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቤንጋል ያስመርታል፣ በካልካታ በጨረታ ይሸጣል፤ ወደ ቻይና የሚያሻግሩት የግል ነጋዴዎች ናቸው። ቻይና ኦፒየምን ከ1729 ጀምሮ በአዋጅ ስለከለከለች ኩባንያው በዚህ አሠራር እጁን ከኮንትሮባንዱ ያወጣ መሰለ። በ1830ዎቹ መጨረሻ የሚገባው በዓመት ወደ 40,000 ሣጥን ተጠግቶ ነበር።

ሙዚየሙ ጋያዎችን፣ መብራቶችንና ሱሰኛው ጋደም ብሎ የሚስብበትን አልጋ ያሳያል። የሱሰኛው ጉዳት ለዓይን ይታያል፤ የቤተሰቡም መፍረስ እንዲሁ። እኔን እስከ ማታ ያልለቀቀኝ ግን ኦፒየም ቀምሶ የማያውቀው ገበሬ ነው። ገበሬው ሩዙን ሸጦ የሚያገኘው የመዳብ ሳንቲም ነበር፤ ግብሩ የሚተመነው ግን በብር ነው። ብሩ ለኦፒየም ክፍያ ከአገር እየወጣ ሲያንስ እየተወደደ ሄደ። ቀድሞ 1,000 ያህል ሳንቲም ያወጣ የነበረው የብር ሚዛን በ1840ዎቹ ወደ 2,000 ገደማ ደረሰ። ማንም ግብር ጨመርኩ ሳይል ገበሬው ለዚያው ግብር እጥፍ እህል መሸጥ ነበረበት። ከ1850 ጀምሮ ደቡቡን ያናወጠውና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት የታይፒንግ አመፅ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የዚህ ገበሬ መራቆት አንዱ ነው። ቻይና ተሸነፈች የሚለው አባባል ይህን ሰው አያሳይም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረድን። የዌይዩዋን ምሽግ የሚገኘው ከታላቁ የሁመን ድልድይ ሥር ነው፤ ከባድ መኪኖች ከራስ በላይ ያጓራሉ። በቅስት በተሠሩት ክፍሎች ውስጥ መድፎቹ አፋቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተደርድረዋል። አንዱን ገፋ አደረግሁት፤ እንደ ተራራ ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ ልብ በማይዞር እንዲህ ባለ መድፍ ነው እንግዲህ በእንፋሎት የሚነዳ የጦር መርከብ ይጠበቅ የነበረው። ለኦፒየሙ መጥፋት አጸፋ ጦር የላኩት እንግሊዞች ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1841 ምሽጎቹን ያዙ፤ አድሚራል ጉዋን ትየንፔይም ከወታደሮቹ ጋር ወደቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለንደን ፓርላማ ውስጥ መንግሥትን በቻይና ጉዳይ የሚነቅፍ ሐሳብ ቀርቦ በ271 ለ262 ድምፅ ተሸንፏል። ዘጠኝ ድምፅ ብቻ!

በ1842 የተፈረመው የናንጂንግ ውል ሆንግ ኮንግን ለእንግሊዝ ሰጠ፤ ጓንዡንና ሻንጋይን ጨምሮ አምስት ወደቦችን አስከፈተ፤ በቻይና ላይም 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ዕዳ ጫነ። ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ በእነዚያ ጉድጓዶች ለሟሟው ኦፒየም ካሳ ነው። በሕጓ የተከለከለውን መርዝ ስላጠፋች መርዙን በዋጋው ገዛችው ማለት ነው። ግፍ ሌላ ምን ይባላል? ሊንን ደግሞ የገዛ ንጉሡ ከሥልጣን ሽሮ ወደ ሩቁ ምዕራብ፣ ወደ ኢሊ አጋዘው።

በማግስቱ ጓንዡ ውስጥ ሻሚየን ደሴትን ዞርን። ጥላው ደስ ይላል፤ የዋርካ ዘመድ የሆኑ ትልልቅ ዛፎች፣ የአውሮፓ ዓይነት ሕንፃዎች፣ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ሲነሡ። ቦታው እንግሊዝና ፈረንሳይ አብረው ቻይናን ከወጉበት ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት ጋር ተያይዞ በአሸዋ ደለል ላይ ተገንብቶ አራት አምስተኛው ለእንግሊዝ፣ የቀረው ለፈረንሳይ የተሰጠ ነው። ድልድዮቹ በር ነበራቸው፤ ማታ ሲዘጉ ቻይናዊ በገዛ ከተማው ወደዚያ መሻገር አይችልም ነበር። ከቦዩ ማዶ ያለው ጎዳና ስሙ “ስድስት ሁለት ሦስት” ነው። በስድስተኛው ወር፣ በ23ኛው ቀን፣ በ1925 ከደሴቱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ከ50 በላይ ሰው ገድለዋል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያንን ቀን ታፔላው ላይ ያነበዋል።

ጓደኛዬ እዚያው ስለ ዩዋንሚንግዩዋን አነሣችልኝ፤ ቤጂንግ አጠገብ የነበረው፣ በኦክቶበር 1860 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ዘርፈውት በሎርድ ኤልጂን ትእዛዝ እንግሊዞች ያቃጠሉት ቤተ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመቻ ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች አንዱን ይመራ የነበረው ሮበርት ናፒየር እንደሆነ፣ ያው ናፒየር በ1868 ከቦምቤይ ጦር ጭኖ መቅደላ ድረስ እንደመጣብን ነገርኳት። አጼ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን እንደሠዉ፣ ታቦታቱ፣ የብራና መጻሕፍቱና ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው እንደተወሰዱም አወራኋት። ስለ መቅደላ ሰምታ አታውቅም ነበር።

“ተመለሰላችሁ?” አለችኝ።

“ጥቂቱ። አብዛኛው አሁንም እዚያው እንግሊዝ አገር ነው።”

“የእኛም እንደዚሁ” አለችና ከፍርስራሹ ምን ምን እንደቀረ ትዘረዝርልኝ ጀመር። በሚቀጥለው ጉዞዬ የምገዛው ዕቃ ባይኖረኝም ቤጂንግ መሄዴ አይቀርም።