13 ዓመት የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ስለቅ

የካቲት ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት አካባቢ። የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት ከባንክ ስቴትመንት ጋር እያመሳከርኩ ነበር። አለቃዬ ከቢሯቸው ወጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ስልካቸው ገና እጃቸው ላይ ነው።

«ልትሄጂ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ያመለከትኩበት ድርጅት ደውሎላቸው ነው። ቁጥራቸውን የሰጠሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ማመልከቻ ቅጹ ላይ «የአሁኑ የቅርብ ኃላፊ ስምና ስልክ» የሚል ቦታ ነበር። ሞላሁት። ከጎኑ «እባካችሁ ሳታሳውቁኝ አትደውሉ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቃለ መጠይቁ ላይ መናገርም ይቻላል። አላደረግኩትም። ቅጥሩ ካለቀለት በኋላ የሚደውሉ መስሎኝ ነበር።

ፊታቸውን አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ቅሬታ ነው ያየሁት። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰው ናቸው። መሄዴን ግን ከማያውቁት ሰው በስልክ ሰሙ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ይህን የምጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ለቆያችሁ ሰዎች ነው። በየሁለት ዓመቱ ሥራ የሚቀይር ሰው ቢያንስ ሦስት አራት አለቃ አለው። አንዱ ቢከፋበት ሌላው አለ። እኛ ግን የሚያውቀን ሰው ሁሉ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ቢሯችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነበር። የገባሁት ሰኞ ጥቅምት 6 ቀን 2004 ነው። ያኔ ባቡሩ የለም። ዛሬ ከመስኮቱ የሚታየው የንግድ ባንክ ረጅም ሕንፃም የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሥራዬ የሚመሰክር ሰው ሁሉ ወይ አሁንም እዚያ ነው፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ አሜሪካ ሄዷል።

ያኔ የተምታታብኝ አንድ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ «ሪፈረንስ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚያወራው። አንዱ ወረቀት ነው። የሥራ ልምድ የምንለው። ሌላው ሰው ነው። ስልክ ሲደወልለት ስለ እናንተ የሚናገረው። ወረቀቱ መብት ነው፤ የሰው ምስክርነት ውለታ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንይዘዋለን። ወረቀቱን ስንለምን እንከርማለን። የሰውየውን ቃል ግን ሳንጠይቅ እንደ ንብረታችን ቅጽ ላይ እንሞላዋለን።

ስለ ወረቀቱ ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው ላይ ከሚጥላቸው ግዴታዎች አንዱ ይሄው ነው። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። «በጠየቀ ጊዜ ሁሉ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ለመጠየቅ መልቀቅ አያስፈልግም። እኔ 13 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ «ልሄድ ነው» ማለት ይመስለኝ ነበር። በየሁለት ዓመቱ ብጠይቅ ኖሮ ማንም ነገሬ አይለውም፤ ስህተቶቹም በጊዜ ይታዩ ነበር። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው የምናገረው ስለ ግል ድርጅት ነው።)

ስህተቶቹ ደግሞ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳየው «ከጥቅምት 6 ቀን 2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአካውንታንትነት አገልግለዋል» ይላል። እኔ ግን በ2010 ሲኒየር አካውንታንት ሆኛለሁ። ለአዲሱ ሥራ የተጠየቀው ደግሞ በዚያ ደረጃ የተሠራ አምስት ዓመት ነው። በዚያ ወረቀት ብሄድ አንድም ዓመት አይቆጠርልኝም ነበር። የሰው ኃይል ክፍሏ እትዬ ከፋይሌ ውስጥ የእድገት ደብዳቤዬን ፈለጉት። አጡት። ቢሮ ስንቀያየር ጠፍቶ ይሆናል። እኔ ግን ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ዋናው ነበረኝ። በማግሥቱ ይዤ ሄድኩ። ያለ ምንም ክርክር አስተካከሉት። እባካችሁ የቅጥር፣ የእድገትና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ሁሉ ቤታችሁም ይኑር። እድገቱ በቃል ብቻ የተነገራችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቁ። በቃል ያደገ ሰው ወረቀት ላይ አላደገም።

ሌላው ደግሞ የሥራ ግብር ነው። ብዙ የቅጥር ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ይጠይቃል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከጎደለች ግን ያስመልሳችኋል። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ቲተርና ማህተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ።

ከሁሉም የከፋው ግን ቀኑ ነው። ይህን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝምና።

የሥራ ልምዱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የወሰድኩት። አማርኛው ትክክል ነበር። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው የመጨረሻ ቀኔን በትክክል ወደ ፈረንጅ ቀየረው፦ ሚያዝያ 3 ቀን 2017፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2025። የመጀመሪያ ቀኔን ሲቀይር ግን ወሩንና ቀኑን ቀይሮ ዓመቱን ረሳው። ጥቅምት 6 ቀን 2004 መሆን የነበረበት ኦክቶበር 17 ቀን 2011 ነው። እሱ ኦክቶበር 17 ቀን 2004 አለው። እኔም ሳላይ ፈረምኩና ተቀበልኩ። ያን ቀን ክሊራንስ (የመልቀቂያ ርክክብ) ለመጨረስ ከስቶር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ አይቲ ስሮጥ ነው የዋልኩት።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ወረቀቱን ከዲግሪዬ ጋር አስተያየው። ዲግሪዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2011 ነው። የቅጥር ኃላፊዋ ጠርታ አስቀመጠችኝና በትህትና ጠየቀችኝ። «ከመመረቅሽ ሰባት ዓመት በፊት አካውንታንት ነበርሽ? ዕድሜሽን ሳየው እኮ ያኔ 15 ዓመትሽ ነው።» መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድም ነገር አልዋሸሁም። ግን ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ 13 ዓመቴ 20 ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሚያየው ሰው ሌላ ምን ያስባል?

የአማርኛውን አወጣሁና አሳየኋት። ገባት። ግን ፋይሉ ውስጥ የተስተካከለው መግባት አለበት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንዴ ማህተም ያዡ የሉም። አንዴ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ውስጥ ሆኜ ቢሆን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ከለቀቁ በኋላ ግን እንግዳ ናችሁ። ጥበቃው እንኳ መታወቂያ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወረቀቱን ከመጨረሻው ቀን በፊት፣ ረጋ ባለ ቀን፣ መስመር በመስመር አንብቡት። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። ራሳችሁ አስሉት። የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከዲግሪያችሁና ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ።

ስልኩ በተደወለ ማግሥት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስቀድመው ከኔ መስማት ነበረብዎት» አልኳቸው። ለምን መሄድ እንደፈለግኩም ነገርኳቸው። እዚያ ከእኔ በላይ ያለው ወንበር የሳቸው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አልመኘውም። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ካንቺ ብሰማው ኖሮ…» አሉና አልጨረሱትም።

ለደወለላቸው ሰው «አብራን ትሠራለች» ብቻ ብለው ነበር የዘጉት። ልፈርድባቸው አልችልም። ያልተዘጋጀ ሰው ሌላ ምን ይላል?

መልቀቂያዬን መጋቢት 3 አስገባሁ። ሕጉ ለሠራተኛ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ግልባጩ ላይ መዝገብ ቤት ማህተም አስመታሁ። እነዚያን 30 ቀናት ግን እንደ መሰናበቻ አልቆጠርኳቸውም። የእያንዳንዱን ሒሳብ አሠራር ጻፍኩ። የትኛው ደንበኛ በየትኛው ቀን እንደሚከፍል፣ የትኛው ያልተሰበሰበ ሒሳብ ለምን እንደቆየ፣ ሁሉንም። እኔን የተካችው ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የአንድ ወር ሙሉ ሒሳብ አብረን ዘጋን። አለቃዬ በየቀኑ ያያሉ። ምንም አይሉም። በመጨረሻው ዓርብ «ሰዎቹ እንደገና ይደውሉልኝ በያቸው» አሉኝ። ደወሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳወሩ በኋላ ሰማሁ።

በመሀል ግን ሌላ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። በ2004 የቀጠሩኝ ጋሼ በ2011 ጡረታ ወጥተዋል። በበዓል እደውላለሁ እንጂ ካየኋቸው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በስልክ ልጠይቃቸው አልፈለግኩም። ከአንበሳው ሐውልት ማዶ ያለች ካፌ ተቀጣጠርን። የቅጥር ማስታወቂያውን አትሜ ይዤ ሄድኩ። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ አብረን የሠራነውን በአጭሩ ጽፌ ነበር። በ2006 ከመዝገብ ወደ ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ስንሸጋገር ሌሊት እያመሸን ያስገባነውን፣ የመጋዘኑን ቆጠራ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ኦዲተሮቹ የመጡ ጊዜ የጠፋውን ደረሰኝ ያገኘሽውን ረሳሽው» አሉኝ። እውነትም ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ማኪያቷቸውን ወደ ጎን አድርገው ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ስለ ድክመትሽ ቢጠይቁኝስ?»

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። በኋላ እውነቱን ተናገርኩ። ሥራ ለሰው ማካፈል ይከብደኛል። ራሴ ካላየሁት አላምንም። «እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «እነግራቸዋለሁ። ስትሻሻይ ያየሁትንም እነግራቸዋለሁ።» እንዳሉትም አደረጉ። አዲሷ ኃላፊዬ ከወራት በኋላ ስትነግረኝ፣ ያሳመናት እሱ ነው። ምስጋና ብቻ የሚያወራ ሰው ብዙ እንደማታምን ነገረችኝ።

ሥራውን ማግኘቴን መጀመሪያ የነገርኩት ለባለቤቴ ነው። ቀጥሎ ለጋሼ። ቀጥሎ ለአለቃዬ። ለእኛ ብለው የመሰከሩ ሰዎች መጨረሻውን መስማት አለባቸው።

ባለፈው ሳምንት ያቺ እኔን የተካችው ልጅ ደወለች። ሌላ ቦታ ልታመለክት ነው። ስልኬን ሪፈረንስ ላይ ብትጽፈው ፈቃዴ መሆኑን ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ማስታወቂያውን እንድትልክልኝ ነገርኳት። አብረን የሠራነውንም ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

«ለአለቃችንስ ነገርሻቸው?» አልኳት።

ዝም አለች። «ገና ነኝ።»

«ቅጹ ላይ ስልካቸውን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ። ግን አልላክሁትም።»

ያን የካቲት ማክሰኞ የሆነውን ነገርኳት። እሷ ያን ቀን ሌላ ክፍል ስለነበረች አታውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ መልእክት ላከችልኝ።

«ነገርኳቸው። ተቀመጪ ብለው ሻይ አዘዙልኝ። አሁን ልላከው?»