ሞክሼ ፊደላት የሰበሩት የመጻሕፍት መዝገብ

አዳማ ውስጥ የአንዲት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሥራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም መልካቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ ስለሆነው፣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የወራት ድካም ይተርፈኝ ነበር።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን የሚያስቀምጠው በመጽሐፉ ራስ ላይ ነው። መጽሐፉን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከጥራዙ ወደ ፊት መጥረግ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ግን አይንካው። የተቀደደ ገጽም በስኮች አይለጠፍ፤ ሙጫው እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላል። መጻሕፍት በቁጥር በሚመደቡበት በዱዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ ይገባል።

ጉዱ የመጣው ፍለጋው ላይ ነው። አንባቢ መጥቶ «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ ኮምፒውተሩ የለም ይላል፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ላይ ያለው «ፀሐይ» ነው። የሁለቱን ጸ እና የስድስቱን ሀ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ብናባዛ ይህች አንዲት ቃል በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። የሚመለከተውን ቢሮ ስንጠይቅ «ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርጉት» ተባልን። እኔም ሳላመነታ ሙሉውን የኤክሴል ሰንጠረዥ መርጬ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ፀን በጸ፣ ሠን በሰ፣ ሐን በሀ ቀየርኩና ሴቭ አደረግኩት። ቅጂ አላስቀረሁም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለኮምፒውተር ፀ፣ ፁ፣ ፂ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው። ፀን መቀየር ፅን አይነካም። «ፀጋዬ» «ጸጋዬ» ሲሆን «ፅጌ» እንዳለች ቀረች፤ ስለዚህ ፍለጋውም አልተስተካከለም። ሁለተኛውና የባሰው የርዕሶቹ መበላሸት ነው። በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠረቀ እንደ ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ ነው። በአሮጌ የጸሎት መጻሕፍት ርዕስ ላይ ይህን ማምታታት ቅርስ ማበላሸት ነው። አታሚው ያኔ እንዴት እንደጻፈው ራሱ ማስረጃ ነውና። መመለሻው እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደገና ከመደርደሪያ አውርዶ የውስጥ ሽፋኑን መግለጥ ብቻ ሆነ።

መሆን የነበረበት እንዲህ ነው። ርዕሱ በአንድ ዓምድ ልክ እንደታተመው ይገባል፤ ማንም አይነካውም። ጎኑ «መፈለጊያ» የሚባል ሌላ ዓምድ ይከፈትና ርዕሱ እዚያ ይገለበጣል። የሚተካካው እዚህ ዓምድ ላይ ብቻ ነው፦ የሐ እና የኀ ቤት ወደ ሀ፣ የሠ ወደ ሰ፣ የዐ ወደ አ፣ የፀ ወደ ጸ፣ ከመጀመሪያው ፊደል (ግእዝ) እስከ ሰባተኛው (ሳብዕ)። አምስት ቤት በሰባት 35 ቅያሪ ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መቀየር የመጨረሻ ይሁን፤ ከቀደመ ከሓና ከዓ የሚመጡት ያመልጣሉ። ደራሲውም የራሱ መፈለጊያ ይኑረው፦ «ገ/መድኅን» ተዘርዝሮና ተጋጥሞ «ገብረመድህን» ይሆናል። ፈላጊውም በዚያው ፊደል ካልጻፈ ሁሉም ከንቱ ነው። ስለዚህ «ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ» የሚል ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፉ።

በፊደል ተራ ስትደረድሩም መፈለጊያውን ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ሐን ከለ ቤት በኋላ፣ ኀን ከቸ ቤት በኋላ ስለሚያስቀምጥ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኀይሉ ሦስት ቦታ ይበተናሉ።

የመመዝገቢያ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» መጀመሪያ ይግባ ቢልም አትስሙት። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ በአባቱ ስም ከተመዘገበ አንባቢ አያገኘውም። ዓመቱንም ወደ እ.ኤ.አ. እንድንቀይር ተነግሮን ነበር፤ ይህንንስ እምቢ አልኩ፣ ደግ አደረግኩ። 1967 ዓ.ም የሚል መጽሐፍ ወሩ ካልተጻፈበት 1974 ይሁን 1975 በምን ይታወቃል? እንደታተመው ይጻፍ፣ «ዓ.ም» ይከተለው። የኅትመት ቦታው ናዝሬት ከሆነም ናዝሬት ይባል፤ መፈለጊያው ላይ አዳማም ይጨመርበት። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፉት የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት የሞክሼ ፊደላቱ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

ከምንም በፊት ግን ፋይሉን ቀን ጽፋችሁበት ፍላሽ ላይ ገልብጡ። እኛ ጋ ርዕሳቸው ገና ያልተመለሰው ያኔ በውሰት የወጡት ናቸው፤ ሲመለሱ ወደ መደርደሪያ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳሉ።