ጸሎቴን የቀደመ ደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስእለት ስላለብኝ ነው። እግዚአብሔር በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 12 ለ13 አጥቢያ ከሞት አፍ አውጥቶኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬ በተደጋጋሚ ከእጄ ያመለጠኝን የአዋላጅነት ሙያም ሰጥቶኛል። ሁለቱን ለያይቼ ልናገር ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ በዚያች ሌሊት እግዚአብሔር የተጠቀመበት እጅ እኔ ስታገልለት የኖርኩት ያው ሙያ ነበርና።

የተወለድኩት መንዝ ውስጥ ነው። ሕፃን ሳለሁ የእናቴ ታናሽ እህት ቤታችን ወለደች፤ ልጁ በሰላም ወጣ፤ እርሷ ግን ደሟ አልቆም ብሎ ሳይነጋ አረፈች። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ከበዋት ነበር፤ ወንዶቹም ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ቃሬዛ ያዘጋጁ ነበር፤ በዚያ ቃሬዛ የተሸከሙት ግን አስከሬኗን ሆነ። ከቀብሩ በኋላ እናቴን «ምን ቢደረግላት ትድን ነበር?» ብዬ ስጠይቃት፣ «የተማረ ሰው አጠገቧ ቢኖር» አለችኝ። ያ የተማረ ሰው እኔ ልሁን ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትም ሕፃናቱን እንዲገድሉ ፈርዖን ያዘዛቸውን፣ እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ያተረፏቸውን የሲፓራንና የፉሐን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ፣ «እግዚአብሔርም ለአዋላጆች መልካም አደረገላቸው» የሚለውን ቃል ለእኔ የተጻፈ አድርጌ ያዝኩት።

መንገዱ ግን ቀና አልሆነም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቴ ለመሰናዶ አላበቃኝም። አዲስ አበባ ገብቼ በሰው ቤት እየሠራሁ በግል ተፈትኜ አለፍኩ፤ መሰናዶውን በማታ ጨረስኩ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። ለዓመታት ባጠራቀምኩት ገንዘብ የተመዘገብኩበት አንድ ኮሌጅ ለትምህርት ክፍሉ ዕውቅና እንዳልነበረው የታወቀው ከፍዬ መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። እንደገና ሌላ ዘንድ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አሠሪዬ የነበሩት እትዬ በዚያ ወቅት ደመወዜን አላቋረጡብኝም፤ እንዲያውም የሴሚስተር ክፍያዬን ግማሽ ችለውልኛል፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። ከዚያ አገባሁ፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜም አረገዝኩ።

አሁን ስለ ግንቦት 2015 እውነቱን ልናገር። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ የመውጫ ፈተና ተግባራዊ ሆነ፤ ሳያልፉ መመረቅ ቀረ። ባለቤቴ ሥራ አጥቶ ስለነበር የዘገየ ክፍያ ነበረብኝ፤ ካልከፈልኩ ለፈተናው እንደማልመዘገብ ተነገረኝ። በግንቦት ልደታ ጎረቤቶቻችን ደጅ ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው እመቤታችንን ሲያመሰግኑ እኔ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔርን «የሌሎችን ስትሰማ የእኔን አትሰማም፤ ከእንግዲህ አልለምንህም» አልኩት። ይህን በልቤ ብቻ ሳይሆን በአፌም ተናገርኩት፤ ከዚያም ለሳምንታት ውዳሴ ማርያም መድገሜን ተውኩ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ኢዮብም፣ ኤርምያስም ከእርሱ ጋር ተሟግተዋል፤ አንቺ ብቻ ከፊቱ አትራቂ» ብለው አበረቱኝ። ክፍያውን ባለቤቴ ተበድሮ ከፈለልኝ።

ሰኔ 12 የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ምጥ ጀመረኝ። ጎረቤቶቼ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያሉ ሸኙኝ፤ እናቴም ከመንዝ ይዛው የመጣችውን የቅዱስ ሩፋኤል ጸበል አጠጣችኝ። ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ሲስተር በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ልጅ ነበረች፤ የዚያን ሌሊት ተረኛም እርሷ ነበረች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ልጄ ተወለደች፤ አለቀሰች፤ ደረቴ ላይ አስቀመጧት። የእንግዴ ልጁም ወጣ። እናቴ ከደጅ ሆና እልል ስትል ሰማኋት።

ወዲያው ከሥሬ ሙቀት ተሰማኝ።

ሳልማር ቀርቼ ቢሆን ምናልባት አልፈራም ነበር። እኔ ግን ተምሬአለሁ። ወላድ ስትወልድ ጥቂት ደም እንደሚፈሳት፣ ከግማሽ ሊትር ሲያልፍ ግን አደጋ እንደሆነ፣ በመውለጃዋ ሰዓት ወደ ማህፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ደም እንደሚሄድ፣ ማህፀኑ ካልተኮማተረም ሴቲቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል ለፈተና አጥንቼው ነበር። ሲስተሯ ሆዴን ስትነካ ፊቷን አየሁት። ማህፀኔ እንደ ድንጋይ ሊጠነክር ሲገባው ከእጇ ሥር እንደ ሊጥ ይሸሽ ነበር። ልጄ እንደተወለደች ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን፣ 10 ዩኒት ወግታኛለች፤ አሁን በጉሉኮስ ጨምራ ሰቀለችልኝ፤ በሁለቱም ክንዶቼ ደም ሥር ካኑላ የሚባለውን ቀጭን ቱቦ አስገባች፤ ሽንቴን በቱቦ አወጣች፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ትራኔክሳሚክ አሲድ ሰጠችኝ፤ ሆዴን በኃይል ማሸት ጀመረች። እኔም ተኝቼ በልቤ እከተላት ነበር፤ አንዱን ስትጨርስ የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ፤ የዝርዝሩ መጨረሻ እየቀረበ መሆኑንም አውቃለሁ። አንዲትም አላለፈችም፤ አንዲትም አልዘገየችም። በመጨረሻ አንድ እጇን በውስጥ፣ አንድ እጇን በሆዴ ላይ አድርጋ ማህፀኔን በሁለት እጆቿ መሐል ጨምቃ ያዘችው። በዚህ ዓይነት ለረጅም ጊዜ መቆየት ክንድን እንዴት እንደሚያዝል የሠራ ያውቀዋል፤ ላቧ በግንባሯ ሲወርድ እያየሁ እርሷ «አይዞሽ እህቴ፣ አትፍሪ» ትለኝ ነበር።

«አትፍሪ» ስትለኝ ራሔል ትዝ አለችኝ። በኤፍራታ መንገድ ምጥ ሲጸናባት አዋላጂቱ «አትፍሪ» ብላታለች፤ ራሔል ግን በዚያው ሞተች፤ በመንገድ ተቀበረች። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ እግሮቼ ቀዘቀዙ፤ ጆሮዬ ውስጥ ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ሞላ። የደም ግፊቴን «ሰባ በአርባ» ብለው ሲጠሩ ሰማሁ። የመሞቻዬ ሰዓት እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። መጸለይ ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ጸሎት አይባልም፤ «ልትወስደኝ ከሆነ ይህን ሁሉ ለምን አስተማርከኝ?» አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ከወር በፊት አልለምንህም ያልኩት እኔ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርኩ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ደም ሲፈሳት 12 ዓመት የኖረችው ሴት የልብሱን ጫፍ እንደነካች አሰብኩ። እኔ እጄን የማነሣበት አቅም አልነበረኝም፤ «አንተ ንካኝ» አልኩት።

አምቡላንስ መጣ። እግርንና ሆድን አጥብቆ ይዞ ደምን ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመልሰውን ልብስ አለበሱኝ፤ ሲስተሯም እጇን ሳትለቅ አብራኝ ገባች። ተረኛ ስለሆነች መቅረት ትችል ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ «እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ፣ የማታዋንም ነርስ ከታች እጠራለሁ፣ ሂጂ» ብለው ገፏት። የእኚህ እናት ውለታ በሕክምና ካርዴ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ለእኔ የሚሆን ደም ጥቂት ነበር፤ የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ዓይነት ሊሰጠኝ አይገባም። አንድ ከረጢት ሰቀሉልኝ። ለቀሪው ባለቤቴ ከሆስፒታሉ ሠራተኛ ጋር በሌሊት ወደ ደም ባንክ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ዶክተሩ ጠርተው ደሙ ካልቆመ ማህፀኔ መውጣት እንዳለበት ነግረው አስፈረሙት፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ «እርሷ ብቻ ትትረፍልኝ» ብሎ ፈረመ። ዶክተሩ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር እንሞክር ብለው በማህፀኔ ውስጥ በውሃ የሚነፋ ፊኛ አስገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው በወሬ ነው። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ «ቅዱስ ሩፋኤል፣ ማኅፀን ፈቺው፣ የእህቴን በዚህች አትድገምብኝ» ትል ነበር። ወፍ ሲንጫጫ ዓይኔን ገለጥኩ፤ ሦስተኛው ከረጢት ከራስጌዬ ተሰቅሎ ይንጠባጠብ ነበር። ዶክተሩ «ቆሟል» አሉኝ። ማህፀኔም አልወጣም።

«አልሞትም፥ በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፥ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ።» ይህን የዳዊት ቃል ስንት ጊዜ ደግሜው ነበር! ያን ጠዋት ግን ሲወጣኝ የራሴ ቃል መሰለኝ።

ሰውነቴ ሲበረታ በጣም ያስለቀሰኝ አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ የሚቆየው ቢበዛ 35 ቀን ያህል ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ ስቆጥረው፣ ያ ደም ከሰው ክንድ የተቀዳው ከግንቦት 8 ወዲህ ነው። እኔ በሬን ዘግቼ «አትሰማኝም» ስለው በነበረበት በዚያው ግንቦት፣ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንድ የማላውቀው ሰው እጁን ዘርግቶ ተኝቶ ደሙን ይሰጥልኝ ነበር ማለት ነው። ከመለመኔ በፊት ተመርምሮ፣ ታሽጎ፣ ቀዝቅዞ ይጠብቀኝ ነበር። አንተ ወይም አንቺ፣ ወንድ ሁኑ ሴት፣ ስማችሁን አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ በጸሎቴ ሁልጊዜ «ደሙን የሰጠኝን አስብልኝ» እላለሁ።

ልጄ ኦ ፖዘቲቭ ሆና ስለተገኘች በሚቀጥለው እርግዝናዬ ጉዳት እንዳይመጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ መወጋት ነበረብኝ። በጣም ውድ ነው፤ እኛ ገንዘብ አልነበረንም። የክፍል ጓደኞቼ፣ እነርሱም ለፈተና ተጨንቀው ሳለ፣ በየስልካቸው አዋጥተው ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረው አገኙልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንዳችሁንም አልረሳሁም።

ፈተናው ሐምሌ ላይ ነበር። እናቴ አራስ ከቤት አትወጣም ብላ አጥብቃ ተከራከረች፤ ኋላ ግን ሕፃኗን ይዛ ራሷ ተከተለችኝ፤ ከፈተናው አዳራሽ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ደም ማነሱ ገና ስላልለቀቀኝ ኮምፒውተሩ ፊት ዓይኔ ይጨልም ነበር። አላለፍኩም፤ ለማለፊያው ከ50 የጎደለኝ ጥቂት ነበር። የሚገርመው፣ ከቀድሞዎቹ ውድቀቶቼ ሁሉ ይህኛው ቀለለኝ እንጂ አልመረረኝም፤ አልቅሻለሁ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ግን አልተጣላሁም። ጳጉሜን 3 በቅዱስ ሩፋኤል ዓመታዊ በዓል ልጄ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ተነሣች። ከዚያ በኋላ እርሷን እያጠባሁ በሌሊት አነበብኩ፤ ወራት አለፉ፤ በ2016 ዓ.ም. በድጋሚ ተፈትኜ አለፍኩ፤ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ምዘናም ተከትዬ ወሰድኩ፤ እርሱንም አለፍኩ።

ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ተመድቤ እሠራለሁ። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር ሥራ ከመጀመሬ በፊት ኦክሲቶሲኑ በማቀዝቀዣው ውስጥ መኖሩን፣ ያም ልብስ ታጥቦ በቦታው መቀመጡን በዓይኔ አያለሁ። አቅሜ ሲመለስና ልጄን ጡት ሳስጥል ሐኪም አማክሬ ደም መለገስ ጀምሬአለሁ። እናቴ ባለፈው ፋሲካ መጥታ በነጭ ጋዋን ስታየኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም የእህቷን ስም ጠርታ መረቀችኝ። ላደረገልኝ ሁሉ የአባቶቼ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ አሜን።