ደሴ ላይ የመስተንግዶ ማሠልጠኛ ስከፍት የገጠመኝ

ደሴ ላይ ለሆቴል አስተናጋጆች የመስተንግዶ ሥርዓት ማሠልጠኛ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ ይህን ጻፍሁ። ፒያሳ አካባቢ ቤት መከራየቱም ሆነ ወንበርና ሰሌዳ ማሟላቱ አላስቸገረኝም፤ ያንገሸገሸኝ የሥልጠና ሰነዱን ማስጸደቁ ነው።

ሰነዱን ያዘጋጀሁት የአሜሪካዊቷን የኤሚሊ ፖስትን ሕይወትና ሥራ መነሻ አድርጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በባልቲሞር የተወለደችው ይህች የአርክቴክት ልጅ በድሎት ያደገች ስትሆን፣ በ1905 ከባለቤቷ ከተፋታች በኋላም ልብ ወለድና የመጽሔት ጽሑፍ ትጽፍ ነበር፤ ስሟን ያስጠራውን የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ያሳተመችው ግን በ1922፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ሲጠጋ ነው። በጋዜጣ ዓምድና በሬዲዮም ትመክር ነበር፤ በ1960 እስካረፈችበት ዘመን ድረስም መጽሐፏ ከጊዜው ጋር እየታደሰ ደጋግሞ ታትሟል። ሥርዓት ማለት ሌላውን አለማሳቀቅ ነው የሚለውን አቋሟን እኔ ወደ ወሎ ድግስ አመጣሁት።

እኛ ዘንድ ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የተለየ ከብት ይሰጣል፤ እነርሱም ራሳቸው አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ሙስሊም ሲደግስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አስተናጋጁ የትኛው ትሪ ከየትኛው ድስት እንደ ወጣ ማወቅ፣ ጭልፋውንም አለማቀያየር አለበት፤ አንዲት ጭልፋ ከተሳሳተች እንግዳው ሳይበላ ይነሣል፣ ደጋሹም ሲያፍር ይኖራል።

ገምጋሚው ይህን ክፍል በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ባህል እንጂ ሙያ አይደለም በማለት በሹካና በቢላዋ አቀማመጥ እንድጀምር አዘዙኝ። ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ ስላቸው ነገ ተመለስ ተባልሁ፤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ቆይቶ ደግሞ ፋይሉ የለም ተባለ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል፤ በየጎረቤታቸው ድግስ ሲያከብሩት የኖሩትን ሥርዓት ወረቀት ላይ ሲያገኙት ናቁት። ሰነዱ የጸደቀው ቅጂውን ከአቤቱታ ደብዳቤ ጋር ለበላይ ኃላፊው ካስገባሁ በኋላ ነው።

ሰነዱን ለገምጋሚው በእጅ ስጡ ቢሏችሁ አትስጡ። በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ፣ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። የተሰረዘባችሁንም ክፍል ለመገላገል ብላችሁ አታውጡ፤ እኔ አንድ አንቀጽ አላወጣሁም፣ በዚህም እኮራለሁ። በማሠልጠኛዬ የመጀመሪያው ትምህርት እጅ ማስታጠብ ነው፤ ከታላቅ ተጀምሮ፣ ውሃው ለብ ብሎ፣ ፎጣው በክንድ ላይ ሆኖ። ሹካና ቢላዋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።