ቀስቷ ዜሮ ላይ ዱብ ስትል

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ለዛ ነው የምጽፈው። መኪናዋ የ1986 ሞዴል የጀርመን ስፖርት መኪና ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ በሞትሮኒክ (ነዳጁንና የካንዴላውን ብልጭታ በሚቆጣጠር ኮምፒውተር) የምትሠራ። ችግሯ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው፤ ስትነሳ ደህና ናት፣ ከሞቀች በኋላ ግን መጀመሪያ ታንገራግራለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ከዛ ጭራሽ ትጠፋለች። ዳር ይዘህ ትንሽ ካሳረፍካት ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባለቤቷ እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ጋራዥ ስታመላልሳት ነበር፤ ካንዴላ ተቀየረ፣ የካንዴላ ኬብል ተቀየረ፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ኮይል፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ መጨረሻ ላይ የነዳጅ ፓምፕ። የተገዛው ዕቃ ሁሉ አዲስ ነው፣ መኪናዋ ግን ያው እንደጠፋች ናት።

አለቃችን ገና እንደገባች "ስካን አድርጋትና ጨርስ" አለኝ። ይቺ መኪና'ኮ ስካነር የሚሰካበት የኦቢዲ 2 ሶኬት የላትም፣ አሜሪካ ራሷ ግዴታ ያደረገችው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚነዳትን ሰው ነው።

"እህቴ፣ ስትጠፋብሽ ማርሽ ውስጥ ነሽ ወይስ ፍሪሲዮን ረግጠሻል?"

"ማርሽ ውስጥ። ሦስተኛ ወይ አራተኛ ላይ።"

"እሺ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጪ፣ መኪናዋ ገና እየሄደች እያለ፣ የሞተሩን ዙር የምታሳየው የአርፒኤም ቀስት ምን ትሆናለች?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ። "እሱን እኮ ነው ስነግራቸው የከረምኩት" አለች። "መኪናዋ እየሄደች ቀስቷ ዜሮ ላይ ዱብ ትላለች። አንዳንዴ ወዲያው ትመለሳለች፣ ያኔ መኪናዋም ወደፊት ትገፋኛለች። 'እሱ ዳሽቦርዱ አርጅቶ ነው፣ ተይው' አሉኝ።"

ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ምክንያቱም ይቺ ሴት ገና ኮፈኑ ሳይከፈት የምርመራውን ግማሽ ጨርሳልኛለች። ማርሽ ውስጥ ካለህና ፍሪሲዮን ካልረገጥክ ጎማው ሞተሩን ያሽከረክረዋል፣ ሞተሩ ባይቃጠልም ይዞራል ማለት ነው። ችግሩ ነዳጅ ብቻ ቢሆን ኮምፒውተሩ ሥራው ላይ ስላለ ኮይሉን መተኮሱን ይቀጥላል፣ ቀስቷም ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀስ እያለች ነው የምትወርደው። ሞተሩ እየዞረ ቀስቷ ባንዴ ዜሮ ከገባች ግን የተቋረጠው መብራት ነው፤ ወይ ለኮምፒውተሩ የሚሄደው ኃይል፣ ወይ ከፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት) ጋ ካለው፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ ከሚነግረው ሴንሰር የሚመጣው ሲግናል፣ ወይ የኮይሉ መስመር። ፓምፕ እዚህ ውስጥ የለበትም። (ፍሪሲዮን ተረግጦ ከሆነ ይሄ ሁሉ አይሠራም፣ የጠፋ ሞተር ቀስት መውደቋ አይቀርም፣ ለዛ ነው መጀመሪያ እሱን የጠየቅኳት።)

ከዛ የድሮውን ጋራዥ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እውነት ለመናገር ያናደደኝ እሱ ነው። በራሳቸው እጅ ጽሑፍ "ሲጠፋ የአርፒኤም ቀስት ይወድቃል ትላለች" ይላል። ከሥሩ "ፓምፕ ተቀየረ"። ሰምተዋል፣ ጽፈዋል፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰበበትም። ፓምፑን ለምን እንደቀየሩት ስጠይቃት፣ መኪናዋ ጠፍታ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ፓምፑ ጋ ቴስተር አድርገው መብራት ስላጡ ነው አለችኝ። መብራትማ አይኖርም! ሞትሮኒክ ሞተሩ መዞሩን ካላየ ፓምፑን ራሱ ነው የሚያቋርጠው፣ አደጋ ቢደርስ ቤንዚን እየተረጨ እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። የቆመ ሞተር ላይ ፓምፕ ዝም ማለቱ ጤና ነው።

የቀረኝ ሪሌውንና (ለኮምፒውተሩም ለፓምፑም መብራት የሚያቀብለውን ማብሪያ ማጥፊያ) ሴንሰሩን መለየት ነበር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው አንድ አምፖል ፓምፑ መስመር ላይ ያስርና ሲጠፋ ሪሌው ነው ይላል፣ ግን አሁን እንዳልኩት የሴንሰሩ ሲግናል ሲጠፋም ፓምፑ ይቋረጣል፣ ስለዚህ ያ አምፖል ብቻውን ምንም አይነግርህም። እኔ ሁለት የ12 ቮልት አምፖል ነው ያሰርኩት፣ አንዱን ሪሌው ለኮምፒውተሩ በሚሰጠው መውጫ ላይ፣ ሁለተኛውን በፓምፑ መውጫ ላይ፣ ሽቦ አስረዝሜ ሁለቱንም ዳሽቦርዱ ላይ በቴፕ ለጠፍኳቸው። የፓምፑ ብቻ ጠፍቶ የኮምፒውተሩ ከበራ ወደ ሴንሰሩ እሄዳለሁ፣ ሁለቱም ከጠፉ ኃይሉ እዛው ሪሌው ጋ ወይም ከሱ በፊት ነው የሚቀረው።

እኔ እየነዳሁ እሷ አጠገቤ ሆና አምፖሎቹን እንድታይ ነገርኳትና ወጣን። በደንብ እስክትሞቅ ምንም የለም። ከዛ ማንገራገር ስትጀምር "ብልጭ ድርግም እያሉ ነው፣ ሁለቱም!" አለች፣ ቀጥሎ ሁለቱም ድርግም፣ ቀስቷም አብራ ዱብ። ሳይቀዘቅዝ ዳር ይዤ ሪሌው ጋ ቴስተር አስገባሁ፤ ከባትሪ በሚገባበት 30 ቁጥር እግሩ ላይ 12.4 ቮልት አለ፣ ሪሌውን በሚያሠሩት 85 እና 86 ላይ የቁልፉ መብራትም ግራውንዱም አለ፣ ለኮምፒውተሩ የሚወጣው 87 ላይ ግን ምንም። በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ሪሌውን ቀስ ብዬ ስመታው የኮምፒውተሩ አምፖል በራ።

ጋራዥ ተመልሰን ክዳኑን ፈልቅቄ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ አንደኛው እግር ዙሪያ በተበየደበት ሊድ ላይ ክብ ስንጥቅ አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። እግሩን በጥፍሬ ስነካው ይንቀሳቀሳል። የብዙ ዓመት ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ንዝረት ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል፣ ስታሳርፋት የምትነሳው ለዛ ነው። ለባለቤቷ በማጉያው አሳየኋት፣ ደጋግማ አየችው። "በቃ ይሄ ነው?" አለችኝ። ፓምፑን የገዛችበት ገንዘብ ትዝ ብሏት መሰለኝ ከዛ በኋላ ብዙም አላወራችም።

አለቃችን በካውያ በይድላትና ትሂድ አለ። በየድኩት፣ ሞክሬውም ሠራ፣ ግን የቀሩት እግሮችም ውስጡ ያለው ኮንታክትም ያን ያህል ዕድሜ ያላቸው ናቸው፣ መንገድ ላይ ሰውን የሚጥል ዕቃ ላይ እንዲህ መቆጠብ አይገባኝም። አዲስ ሪሌ አስገባሁላት፣ የተበየደውን ደግሞ ለመጠባበቂያ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩላት፣ እንዴት እንደሚቀየርም አሳየኋት። ከዛ ወዲህ አልጠፋችባትም።

እኔና አለቃዬ ያልተስማማነው ሂሳቡ ላይ ነው። ሪሌው ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሥራው ያለው አምፖሎቹን አስሮ እስክትሞቅ መንዳቱ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ "ለመንዳትማ ደንበኛ አይከፍልም" ብሎ ሰዓቱን ሰረዘው። እንዲህ እየተሰረዘ ነው መካኒኩ ሁሉ መጠየቅና መሞከር ትቶ ዕቃ መቀየር የሚቀለው፣ ዕቃ ሲሆን ማንም አይሰርዝም። ይሄንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት፣ ለሚቀጥለው መኪናም የሙከራ ሰዓቱን እጽፈዋለሁ።